ደላላ የጻፈው የቤተሰብ ታሪክ

የዘር ሐረጉን የሚቆጥር ሰው ተሸናፊ ቅድመ አያት የለውም። ልብ ብላችሁ ከሆነ አባት ጀግና ነው፤ አያት ባለርስት ነው፤ ቅድመ አያት ደግሞ አንበሳ ገድሎ የተሸለመ ነው። ለመሆኑ ባለዕዳው የት ሄደ? ዳኛ ሲጠራው ጫካ የገባውስ? በሰው ጉልበት ሲያሳርስ የኖረውስ? እነዚህ ሁሉ ሳይወልዱ የሞቱ ይመስላል።

ይህ አመል የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካኖችም አላቸው፤ ያውም የጠና። እነሱ ዘንድ ብዙ ሰው ሊቆጥረው የሚመኘው አንድ ዓይነት ቅድመ አያት አለ። ጠመንጃውን በትከሻው፣ ሚስቱንና ልጆቹን በፈረስ አድርጎ ማንም ያልረገጠው ጫካ ውስጥ የገባ፣ ዛፉን መንጥሮ የግንድ ቤቱን ያቆመና «ይህ የእኔ ነው» ያለ ሰፋሪ። የዚህ ዓይነቱ ሰው አውራ ዳንኤል ቡን ይባላል። አሜሪካ የሚያድጉ የእኛ ልጆችም ስሙን ትምህርት ቤት ያገኙታል፤ ወላጆች ግን «ማነው እሱ?» ተብለው ሲጠየቁ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ።

ሰውዬው ምን ያህል ጀግና እንደነበር ለማውራት አልተነሣሁም። እሱን የሚያወሩለት ሞልተዋል። እኔን የገረመኝ የቤተሰቡ ታሪክ አጻጻፍ ነው። ማን ጻፈው? ለምን ጻፈው? ማንን ከታሪኩ አስወጣ? (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።)

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1784 ጆን ፊልሰን የሚባል አስተማሪ ስለ ኬንታኪ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ፊልሰን አስተማሪነቱ ብቻውን አላበላውም መሰለኝ፣ ኬንታኪ ሄዶ ሰፊ መሬት በስሙ አስመዝግቦ ነበር። መሬት ይዞ መቀመጥ ደግሞ ትርፍ የለውም፤ ገዢ መምጣት አለበት። ገዢ እንዲመጣ ታዲያ አገሩ መወደስ አለበት። መጽሐፉ ይህንኑ አደረገ፤ አፈሩ ጥቁር፣ ውኃው ጣፋጭ፣ አውሬው ብዙ ነው አለ። መጨረሻው ላይ ደግሞ የዳንኤል ቡንን ታሪክ «እኔ» እያለ በራሱ በቡን አንደበት ጨመረበት። ቡን በወጉ ትምህርት ቤት ያልዋለ፣ ሲጽፍ ፊደል የሚገድፍ አዳኝ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ግን እንደ ፈላስፋ ይራቀቃል። እሱ አወራ፣ ፊልሰን ጻፈ፤ ቋንቋው የጸሐፊው ነው።

መጽሐፉ በዓመቱ ፓሪስ ላይ በፈረንሳይኛ ወጣ። ቡን 50 ዓመት በሞላው ጊዜ ባሕር ማዶ ዝነኛ ሆነ። ኋላ ባይረን የሚባለው እንግሊዛዊ ገጣሚ ሳይቀር በግጥሙ አነሣው። አሜሪካኖች የፈር ቀዳጅ ቤተሰብ ታሪክ ብለው የሚያውቁት ነገር መልኩን የያዘው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። በእኛ ሰፈር ቋንቋ ብንናገረው መጽሐፉን የጻፈው ደላላ ነው። ደላላ ደግሞ ቤት ሲያሳይ የሚያፈሰውን ጣሪያ አያሳይም።

እስቲ ደላላው ያላሳየንን እንይ።

የቡን ቤተሰብ ወደ ጫካው የሄደው ነፃነት ናፍቆት ነው ይባላል። መነሻው ግን የጋብቻ ጭቅጭቅም ነበረበት። አባትዬው ስኳየር ቡን በ1713 ከእንግሊዝ አገር ፔንሲልቬንያ የገባ ሸማኔና ቀጥቃጭ ነበር። ሃይማኖቱ ኩዌከር ነው። ኩዌከሮች ጦርነትን የሚጠሉ ሰላማዊ ሰዎች ናቸው፤ ልጃቸው ከማኅበሩ ውጪ ካገባ ግን አይምሩም። በ1742 የቤቱ ታላቅ ሴት ልጅ ከማኅበሩ ውጪ አገባች፤ ያውም ሆዷ ገፍቶ። አባትና እናት በጉባኤ ፊት ይቅርታ ጠየቁ። በ1747 ወንዱ ልጅ ደግሞ እንደ እህቱ አደረገ። አባት በዚህኛው ጊዜ «ልጄን አልኮንንም» ብሎ እምቢ አለ፤ ማኅበሩም አስወጣው። በ1750 ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሰሜን ካሮላይና ወረደ። ጭቅጭቁ ብቸኛው ምክንያት ነው አልልም፤ ፔንሲልቬንያ ውስጥ መሬትም እየተወደደ ነበር። ግን በልጁ ጋብቻ ምክንያት ከጎረቤት ተቆራርጦ አገር የለቀቀ አባት እኛም የምናውቀው ሰው ነው። ሐውልት ላይ ከተቀረጸው ጀግና ይልቅ ለእኔ የሚቀርበኝ እሱ ነው።

ሁለተኛው ያልታየው ነገር ሚስቲቱ ናት። ዳንኤል በ1756 ርብቃ ብራያንን አገባ። ርብቃ 10 ልጆች ወለደች፤ ወላጅ ያጡ የዘመድ ልጆችንም አሳደገች። ባልየው ለአደን ሲወጣ ወራት ይቆያል። በ1769 ወጥቶ የተመለሰው በ1771 ነው። ሁለት ዓመት ማለት እኮ ነው! በእነዚያ ሁለት ዓመታት ማን አረሰ? ማን ከብት አለበ? ማን እንጨት ፈለጠ? ታሪኩ «ቡን ኬንታኪን አሰሰ» ብሎ ያልፋል። ቡን እንዲያስስ ርብቃ ማረስ ነበረባት።

በቤተሰቡ ዙሪያ ሲወራ የኖረ አንድ ሐሜትም አለ። ባልየው ረዥም ጊዜ ጠፍቶ ሲመለስ ርብቃ ሕፃን ታቅፋ አገኛት፤ ሞቷል ብላ ከወንድሙ ወልዳ ነው ይባላል። እሱም ከወንድሜ ከሆነ ያው የቡን ልጅ ነው ብሎ አሳደጋት ይላሉ። እውነት ይሁን ሐሰት ማረጋገጫ የለውም፤ የትኛዋ ልጅ እንደሆነች እንኳ አውሪዎቹ አይስማሙም። ነገር ግን ሐሜቱን ጸሐፊዎቹ ሁለት ዓይነት ያደርጉታል፤ ወይ ያፍሩበትና ይሰርዙታል፣ ወይ ባልየው እንዴት ያለ ይቅር ባይ ነው ለማለት ይጠቀሙበታል። ሴትዮዋ ብቻዋን በዚያ ጫካ ዳርቻ እንዴት ከረመች ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ሦስተኛው አዳም ነው። የመጀመሪያውን ሰው ማለቴ አይደለም። በ1773 ቡን ቤተሰቡንና ሌሎች ሰፋሪዎችን ይዞ ወደ ኬንታኪ ተነሣ። በጥቅምት ወር ታላቁ ልጁ ጄምስ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ከዋናው ጉዞ ወደ ኋላ ቀርቶ ሲያድር ደላዌር፣ ሻውኒና ቼሮኪ የሚባሉት የአገሩ ተወላጅ ሕዝቦች ተዋጊዎች ደረሱባቸው። ጄምስ 16 ዓመቱ ነበር፤ አሰቃይተው ገደሉት። ተጓዦቹም ከመንገድ ተመለሱ። ይህ ሐዘን በቤተሰቡ ታሪክ ውስጥ ሁሌም ይነገራል፤ መነገርም አለበት። ግን ጄምስ እንዴት እንደሞተ በምን ታወቀ? ከእነሱ ጋር ቻርልስና አዳም የሚባሉ ሁለት ጥቁር ባሪያዎች ነበሩ። ቻርልስ ተይዞ ተገደለ። አዳም ተደብቆ ሁሉን ነገር አየ። ከቀናት በኋላ ሰው ጋ የደረሰው አዳም ነው የሆነውን የተናገረው። የቤተሰቡ ትልቁ ሐዘን በአንድ ባሪያ ዓይን የታየ፣ በአንድ ባሪያ አንደበት የተተረከ ነው። ተራኪው ግን የአባት ስም እንኳ አልተጻፈለትም።

ቡን ራሱም ባሪያ ነበረው። በ1787 በስሙ ሰባት ባሪያዎች ነበሩ፤ ለዚያ ጊዜው ኬንታኪ ቀላል ቁጥር አይደለም። ብቻውን በጠመንጃውና በመጥረቢያው ኖረ የሚባለው ሰው ማለቴ ነው።

አራተኛው መሬቱ ነው፤ ዋናው ነገር። «ማንም ያልረገጠው ጫካ» የተባለውን ኬንታኪን ሻውኒዎችና ቼሮኪዎች ሲያድኑበት ኖረዋል። በመጋቢት 1775 ሪቻርድ ሄንደርሰን የሚባል ዳኛ፣ የትራንሲልቬንያ ኩባንያ መሪ፣ ከቼሮኪ ሽማግሌዎች ወደ 20 ሚሊዮን ኤከር የሚጠጋ መሬት በዕቃ ገዛሁ አለ። ጨርቁ፣ ጠመንጃው፣ ጌጣጌጡ ተከፍሎ ተሰጠ። ድራጊንግ ካኑ የተባለው የቼሮኪ መሪ ሽያጩን ተቃወመ፤ ያውም የገዛ አባቱ ከሻጮቹ አንዱ ሆኖ። ሻውኒዎች ጭራሽ አልተጠየቁም። የእንግሊዝ ንጉሥም በ1763 ባወጣው ዐዋጅ ግለሰብ ከተወላጆቹ መሬት እንዳይገዛ ከልክሎ ነበር። የሻጩ ባለቤትነት አከራካሪ፣ የገዢው መብት ሕገ ወጥ ማለት ነው። ቡን ሠላሳ ያህል ሰው ይዞ፣ በከምበርላንድ በር በኩል መንገድ ጠርጎ፣ ቡንስቦሮ የተባለውን ምሽግ የቆረቆረው ለዚህ ኩባንያ ተቀጥሮ ነው። የቨርጂኒያ መንግሥት ደግሞ በ1778 የኩባንያውን ውል ሰረዘው።

ከዚያ ወዲያ የመጣውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ፊልምም ልብ ወለድም ሆኗል። በሐምሌ 1776 የቡን ልጅ ጀማይማና ሁለት ጓደኞቿ በጀልባ ላይ እንዳሉ ተጠለፉ፤ አባት በሦስተኛው ቀን ደርሶ አስጣለ። በ1778 ራሱ ቡን በሻውኒዎች ተማረከ። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አለ። የሻውኒው አለቃ ብላክፊሽ ምርኮኛውን አልገደለውም፤ ልጄ ነህ አለው። በወጋቸው መሠረት ከቤተሰቡ ቀላቀለው፤ ስምም ሰጠው፣ «ትልቁ ዔሊ»። የጡት ልጅ አደረገው ማለት ነው። ቡን ወራት አብሯቸው ኖሮ፣ ምሽጉን ሊወጉ መሆኑን ሲያውቅ አመለጠ። በመስከረም የጡት አባቱ ሠራዊት ይዞ መጣ፤ ቡንም ምሽጉን ተከላከለ። ከዚያስ? የገዛ ወገኖቹ ከጠላት ጋር ተስማምተሃል ብለው በጦር ፍርድ ቤት አቆሙት። ነፃ ወጣ። ነገሩ ግን ሆዱ ውስጥ ቀረ።

እንግዲህ የዘር ሐረግ ከተቆጠረ ብላክፊሽም መቆጠር ነበረበት። ዋሽንግተን በምክር ቤቱ ሕንፃ አዳራሽ ውስጥ፣ ከበሩ በላይ፣ በ1820ዎቹ ኤንሪኮ ካውሲቺ የተባለ ቀራጺ የሠራው ምስል አለ። ቡን ከአንድ የተወላጆቹ ተዋጊ ጋር ተናንቋል፤ ሌላው ሞቶ ከእግራቸው ሥር ወድቋል። ልጄ ያለው ሰውዬ በዚያ ግድግዳ ላይ ቦታ የለውም። ቡን ግን በስተርጅናው፣ ሻውኒዎች ወደ ሚዙሪ በተሰደዱ ጊዜ፣ የጥንት ማራኪዎቹን እያገኘ ይጨዋወት ነበር ይባላል። ሰውዬው ዝምድናውን አልረሳም፤ የረሱት ጸሐፊዎቹ ናቸው።

አሁን ወደ ካርታው ልምጣ። ፊልሰን ከመጽሐፉ ጋር የኬንታኪን ካርታ ሠርቶ አውጥቶ ነበር። በእኛ ቋንቋ ካርታ ሁለት ነገር ነው፤ የአገር መልክ የሚያሳይ ሥዕልም ነው፣ ቀበሌና ክፍለ ከተማ የሚያመላልሰን የይዞታ ማረጋገጫም ነው። ቡን በመጀመሪያው ካርታ ላይ ስሙ አለ። ሁለተኛውን ካርታ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲፈልገው ኖረ።

የ1779ኙ የቨርጂኒያ የመሬት ሕግ ማስመዝገብ፣ ማስቀየስ፣ ድንበር በትክክል ማስጻፍ ይጠይቅ ነበር። አንዱን መሬት ሦስት አራት ሰው ይዞ ይመጣል። ጠበቃ ያለው ይወስደዋል። በ1780 ቡን የራሱንና የሰው ገንዘብ፣ 20,000 ዶላር ያህል፣ የመሬት ወረቀት ሊገዛ ይዞ ሲሄድ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ ተኝቶ ተሰረቀ። ግማሹ ባለገንዘብ ማረው፤ ግማሹ ዓመታት ጠብቆ አስከፈለው። ደግሞ ንጹሕ ተበዳይ አድርገን እንዳናወጣው፤ እሱም ቀያሽ ነበር፣ እሱም እንደ ሌሎቹ መሬት ይዞ ዋጋ እስኪወጣ የሚጠብቅ ነጋዴ ነበር። ቅየሳው ስሕተት ነበረበት፤ የገዙት ሰዎች ከሰሱት። ወንድሙ ኤድዋርድ በ1780 ተገደለ፤ ልጁ እስራኤል በ1782 በውጊያ ሞተ። ሁለት ልጅና አንድ ወንድም የተከፈለበት መሬት በወረቀት ተንሸራቶ ሄደ።

ከሁሉ የምወደው፣ ማለቴ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ፣ የ1798ቱ ነው። በዚያ ዓመት ኬንታኪ ለክብሩ አንድ ወረዳ በስሙ ሰየመች። በዚያው ዓመት ለምስክርነት ተጠርቶ ፍርድ ቤት ስላልቀረበ የመያዣ ትእዛዝ ወጣበት፤ ፖሊሱም አላገኘውም። ወረዳው ቡን ይባላል፤ ቡን ራሱ ግን ይፈለጋል! በ1799 ቤተሰቡን ሰብስቦ ያኔ በስፔን እጅ ወደነበረችው ሚዙሪ ሄደ። ታሪኩ ምን ይላል? «ሰው በዛብኝ፣ አየር አጠረኝ ብሎ ሄደ» ይላል። አየር አይደለም ያጠረው፤ ካርታ ነው።

ስፔኖች ተቀብለው ወደ 850 ኤከር ሰጡት፤ በእኛ የድሮ ልኬት 8 ጋሻ ተኩል ያህል ይሆናል። የአካባቢ ዳኛም አደረጉት። በ1803 አሜሪካ ያን አገር በሙሉ ከፈረንሳይ ገዛች። አዲሱ መንግሥት ደግሞ «ወረቀትህ አልተሟላም» አለው። መቼም ይህን ዓረፍተ ነገር ለአዲስ አበባ ሰው መተርጎም አያስፈልግም። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1814 መሬቱን መለሰለት፤ አብዛኛውን ሸጦ የኬንታኪ ዕዳውን ከፈለ። ርብቃ ከዓመት በፊት በ1813 ሞታ ነበር፤ የመጨረሻውን ካርታ አላየችውም። እሱም በ1820 ሞተ።

ይህን ሁሉ ከየት አገኘኸው ብትሉኝ፣ ደላላ ካልሆኑ ሰዎች ነው። በ1851 ላይመን ድሬፐር የተባለ ሰብሳቢ ሚዙሪ ድረስ ሄዶ የመጨረሻውን ልጅ ናታንንና ሚስቱን ኦሊቭን ቁጭ አድርጎ ጠየቃቸው። ያሉትንም ጻፈ። የእነሱ ወሬ ዕዳ አለበት፣ ሕመም አለበት፣ ያልተሳካ አደን አለበት። በቴሌቪዥኑ ተከታታይ ፊልም ከ1964 እስከ 1970 ቡን የራኩን ቆዳ ጅራታም ቆብ አድርጎ ታየ፤ ሰውዬው ግን ያደርግ የነበረው ተራ ባርኔጣ ነው። ጆን ማክ ፋራገር የተባለ የታሪክ ሊቅ ደግሞ በ1992 ባሳተመው የሕይወት ታሪክ የፍርድ ቤቱን፣ የመሬቱንና የቤተሰቡን ወረቀት አገላብጦ ሰውዬውን መልሶ ሰው አደረገው። መጽሐፉ ቡንን አያዋርደውም። እንዲያውም ዕዳውን ለመክፈል መሬቱን የሸጠ ሽማግሌ ጫካ ከመነጠረው ጎረምሳ ይልቅ የሚከበር ሆኖ ይወጣል። ደላላው የደበቀው ጉድፍ ብቻ አልነበረም፤ ክብሩንም አብሮ ደብቆታል።

የአሜሪካኖቹ ጉዳይ እኛን ምን አገባን የሚል ይኖራል። ቡን እንደሆነ አያታችን አይደለም። ነገር ግን የቤተሰብ ታሪክ መጻፍ እኛም ዘንድ እየተለመደ ነው፤ ያውም በሚያብረቀርቅ ወረቀት። እኔ አንዱን ስከፍት የምፈልገው አዳኙን አይደለም። አራሿን፣ ምስክሩን ባሪያ፣ የጡት አባቱን፣ መሬቱ ላይ ቀድሞ የነበረውን ሰው ነው። እነሱ ከሌሉበት የቤተሰብ ታሪክ አይደለም፤ የሽያጭ ማስታወቂያ ነው። ገዢው ደግሞ የልጅ ልጅ ነው፤ ኩራት ብሎ ገዝቶ፣ ጣሪያው ሲያፈስ የሚነቃው እሱ ነው።

አንዲት ነገር ብቻ ልጨምርና ላብቃ። ባልና ሚስቱ የተቀበሩት ሚዙሪ ነበር። በ1845 የኬንታኪ ሰዎች «ጀግናችን ይመለስልን» ብለው መጡና አጽሙን ቆፍረው ወስደው፣ ፍራንክፈርት በምትባለው ዋና ከተማቸው በክብር ቀበሩት። የሚዙሪ ሰዎች ግን «የወሰዳችሁት የሌላ ሰው ነው፤ እሱ እዚሁ ነው» ሲሉ ኖረዋል። በዚያ መካነ መቃብር ባሪያዎችም ተቀብረው ነበር። በ1983 አንድ የአጽም መርማሪ ከመቀበሩ በፊት ከራስ ቅሉ የተወሰደውን የጄሶ ቅጂ አይቶ የጥቁር ሰው ሊሆን ይችላል አለ። ሌሎች ባለሙያዎች ቅጂው ለማስረጃ አይበቃም ብለው አልተስማሙም። ክርክሩ መቋጫ አላገኘም። ሐውልቱ ግን እንደቆመ ነው።

አጥንት መቁጠር ደስ የሚለው ሰው እንግዲህ መጀመሪያ አጥንቱ የማን እንደሆነ ያረጋግጥ።